የብሎክ ዘጠኝ የእንግዳ መስመር

በግቢያችን ሃያት የምንባል አራት ሴቶች ስላለን እኔን ለመለየት "ሃያት ዋይፋይ" ይሉኛል። ቅር አይለኝም። ኮምቦልቻ ውስጥ ብሎክ ዘጠኝ፣ ደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ሥራዬ አንድ ነው። እንግዳ ሲመጣ ዋይፋዩ ላይ የእንግዳ መስመር እከፍታለሁ፣ ሰባት ቀን ሲሞላው እዘጋለሁ። ሰው ይህን ሥራ እንደ ቀላል ያየዋል። "ቁጭ ብለሽ ቁልፍ መጫን አይደል እንዴ!" ይሉኛል። አቦ ተዉኝ እስቲ! ቀላል ከሆነ ኑና ሞክሩት።

መስመር የሌለው ሰው ምን እንደሚሆን ለማንም መንገር አያስፈልግም። በር አይከፈትለትም። ቧንቧ ሥር እጁን ቢዘረጋ ውሃ አይወርድለትም። ዳቦ ቤት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ መስኮቱ ይዘጋበታል። ስለዚህ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ዘመዱ እጁን ይዞ እኔ ዘንድ እስኪያመጣው ድረስ ግቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ዝናብም ቢሆን፣ ፀሐይም ቢሆን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግዳው መዳፉን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል፣ ዋይፋዩ ስሙን ይጠራል። ከዚያ የቤቱን ባለቤት በዚያች ለስላሳ የሴት ድምፅ ይጠይቃል፤ "እኚህ ሰው እንግዳ ናቸው ወይስ ቤተሰብ?" ባለቤቱ በራሱ አፍ "እንግዳ" ማለት አለበት። እኔ ልልለት አልችልም። በጽሑፍ ማስገባትም የለም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ይህን ነገር የሠራው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፣ ወሎዬ ግን አይደለም። እስቲ የትኛዋ ሴት ናት የእናቷን ልጅ አጠገቧ አቁማ "እንግዳ ናት" የምትለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ እኮ! በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስንት ጠብ ገላገልኩ መሰላችሁ። አምስተኛ ፎቅ ያለው ሰውዬ አማቱን ፊት ለፊታቸው "እንግዳ" ብሎ ሚስቱ ሁለት ወር አኩርፋዋለች።

እኔም የራሴን ዘዴ አበጀሁ። እንግዳው መዳፉን ካሳረፈ በኋላ "ጋሼ፣ እስቲ ውጭ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ፣ ማሽኑ ራስ ያዞራል" እላለሁ። ውሸቴን ነው። በሩን ዘግቼ ባለቤቱን "ቶሎ በል፣ አይሰሙህም" እለዋለሁ። ሌባ ይመስል አንገቱን ቀብሮ በሹክሹክታ "እንግዳ" ይላል። ሁለታችንም እናፍራለን፣ ሥራው ግን ያልቃል። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አንድ ቀን ብቻ በሩን ሳልዘጋ ቀረሁ።

በ2079 ኅዳር ላይ የሦስተኛ ፎቅዋ የእትዬ ኤልዳና ባል፣ ጋሽ ዮናታን፣ አረፉ። ሰኞ ተቀበሩ። ድንኳኑ የተተከለው ከክፍሌ ፊት ለፊት ነበር። በማግሥቱ ማክሰኞ ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ናታን ከደላንታ መጡ። ስልሳ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። የዚያን ቀን ግን "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ሲገቡ ድንኳኑ በሙሉ አብሯቸው ተነሣ። እኔም ሥራዬን ትቼ አለቀስኩ።

ለቅሶው በረድ ሲል እትዬ ኤልዳና እጃቸውን ይዘው ወደ እኔ አመጧቸው። ብቻቸውን ቢያመጧቸው ምን ነበረበት! ለቀስተኛው ተከተላቸው። አንዷ ትደግፋቸዋለች፣ አንዱ ወንበር ይዟል፣ ሌላው ዝም ብሎ ገብቷል። ክፍሌ ጢም አለች። በሩን ልዝጋ ብል ሰው ተሰክቶበታል። ከለቅሶ ላይ የመጣ ሰው ደግሞ ውጣ አይባል።

ጋሽ ናታን መዳፋቸውን አሳረፉ።

"ናታን ወልደሰንበት፣ ደላንታ" አለ ዋይፋዩ። "እኚህ ሰው እንግዳ ናቸው ወይስ ቤተሰብ?"

እኔ እትዬ ኤልዳናን በዓይኔ ጠቀስኳቸው። እሳቸው ግን እኔን አላዩም፤ በለቅሶ ያበጠ ዓይናቸውን ማሽኑ ላይ ተከሉ።

"ማንን ነው ይህቺ እንግዳ የምትል? ወንድም ጋሼን? ኧረ በስመ አብ! ቤተሰብ ናቸው እንጂ!"

"ደግ አልሽ!" አሉ ለቀስተኞቹ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለ ዋይፋዩ።

"ባሌን የቀበርኩት ትናንት ነው፤ ደግሞ እርግጠኛ ነሽ ትበለኝ? እርግጠኛ ነኝ!"

"ተመዝግቧል። የቤተሰብ አባል፣ ናታን ወልደሰንበት። ጥገኛ፣ አንድ።"

ጋሽ ናታን የወንድማቸውን ሚስት ራስ አቅፈው ሳሙ። ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። "ጥገኛ፣ አንድ" የሚለውን ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም አልልም።

እንዲህ ያለው ስህተት በሩብ ሰዓት ውስጥ ይታረማል። እትዬ ኤልዳናን ነጠል አድርጌ "እንግዳ" ላሰኛቸው ተከትያቸው ወጣሁ። ድንኳኑ ውስጥ የዕድር ሴቶች ንፍሮ ያድላሉ። "ቁጭ በይ ሃያት፣ የት ትሮጫለሽ? ለነፍሱ ነው!" ብለው እጄን ጎትተው አስቀመጡኝ። ለቅሶ ቤት የቀረበ ንፍሮ ትቼ ልነሣ? ምን ሊሉኝ? ዘገንኩ። ቄሱ ጸሎት ጀመሩ፣ እሳቸው ሲጨርሱ ሼኹ ዱዓ አደረጉ። በመሃል ተነሥቶ መውጣት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነውር ነው። ወደ ክፍሌ ስመለስ ማረሚያው ተዘግቷል። "እንግዲህ ምን ይመጣል፣ አንድ ሰው ቢጨመር" አልኩ ለራሴ።

ረቡዕ ጠዋት የሦስተኛ ፎቅ የዳቦ ድርሻ ሲመጣ የአራት ሰው ሆኖ መጣ። ዋይፋዩ ስማቸውን ጠራ። ኤልዳና፣ ልጃቸው ኬብሮን፣ ናታን፣ ሶሊያና። ኬብሮንን አውቃታለሁ፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ሶሊያና ማን ናት? ጋሽ ናታን ቧንቧው ጋ ፊታቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ሶሊያና የምትባል ያውቃሉ?"

"ባለቤቴ ናታ። ምነው?"

"የት ናት?"

"ቤት ናታ! ዳሌዋ ከተሰበረ ሦስት ዓመቷ፣ አትነሣም። አልጋው ያገላብጣታል፣ ቤቱ ያበላታል፣ ያጠጣታል። የሰባት ቀን የእንግዳ ፈቃድ ይዤ ነው የመጣሁት።"

ልቤ ድንግጥ አለ። አፌን ከፍቼ ልነግራቸው ስል ስልካቸው ጮኸ። የደላንታ ጎረቤታቸው ሙባረክ ነበር።

"ናታን፣ ቤትህ ጠፍቷል። መብራት የለ፣ ውሃ የለ። በሩ ላይ 'ባዶ ቤት' የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጥቷል። ሶሊያና ውስጥ ሆና ትጣራለች።"

ጋሽ ናታን ውሃው ከፊታቸው እየተንጠባጠበ እኔን አዩኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ክፍሌ ሮጬ መስመሩን ሁሉ ለሚያስተዳድረው ማዕከል ደወልኩ። አንድ ትሑት ወጣት አነሣው።

"ወይዘሮ ሶሊያና ከትናንት ጀምሮ የብሎክ ዘጠኝ፣ የሦስተኛ ፎቅ ነዋሪ ናቸው" አለኝ።

"የሉም እኮ!"

"ባለመስመሩ ቤት ሲቀይር ጥገኛው አብሮ ይዛወራል።"

"ደላንታ ያለው ቤትስ?"

"ባዶ ነው።"

"ሰው አለበት!"

"ማን?"

"ሶሊያና!"

"ወይዘሮ ሶሊያና ብሎክ ዘጠኝ ናቸው፣ እናቴ።"

እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለስን። አንዴም ድምፁን ከፍ አላደረገም። በመጨረሻ "ታዲያ ምን ይደረግ?" አልኩት።

"የሐሰት ቃል ተሰጥቶ ከሆነ የቤቱ ባለቤትና የመስመር ሠራተኛዋ ሁለቱም ቀርበው ጥፋታቸውን ያምናሉ። በዚያው ሰዓት ይሰረዛል፤ ቤቱም ይከፈታል። ማዕከሉ እሑድም ክፍት ነው።"

"ከዚያስ?"

"ሁለቱም ከነቤተሰባቸው ለአንድ ዓመት ከመስመር ይወጣሉ። ሌላ የምንረዳዎ ነገር አለ?"

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ ኤልዳና ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኬብሮን እግሯን ዘርግታ አጠገባቸው ናት። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እትዬ ኤልዳና መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

"መስመር ከሌላት የማዋለጃው በር ለኬብሮን ይከፈትላታል?" አሉኝ።

"አይከፈትም።"

"እንግዲህ ሃያቴ፣ ምን አድርጊ ትይኛለሽ?"

ጋሽ ናታን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር። "ልጅቷን እንዳትነኩ" አሉ። "ምን በወጣት! እኔው እሄዳለሁ።"

አውቶቡስ ተራ ሄዱ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ። መዳፋቸውን ሲያሳርፉ መሰላሉ ተነሣ። አዲስ ነዋሪ ለሠላሳ ቀን ከከተማ አይወጣም ተባሉ። "አዲስ ነዋሪ አይደለሁም፣ እንግዳ ነኝ!" አሉ ጋሽ ናታን። ተሳፋሪው ዘወር ብሎ አያቸው። ደጋግመው ተናገሩት፤ ድምፃቸው እየጨመረ መጣ። ክንዳቸውን ይዤ መለስኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ሙባረክ እንደገና ደወለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ባዶ የተባለ ቤት የመንደሩ ሰው ከሰበረ የመንደሩ መስመር በሙሉ ይቆረጣል፤ ሠላሳ አንድ ቤት፣ ስንት ሕፃን አለበት። ስለዚህ በአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብተውላታል። ውሃ ይልኩላታል፣ በሶም በጥብጠው ይልኩላታል፤ አልጋዋ ግድግዳው ጥግ ስለሆነ ትደርስበታለች። ሙባረክ ስልኩን ቀዳዳው ላይ አስጠጋላቸው። ጋሽ ናታን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠው አወሯት፣ እኔም ቆሜ ሰማሁ።

"ሶልዬ።"

"ናቲ። ለቅሶው እንዴት ነበር?"

"ሰው ሞልቶ ነበር።"

"ኤልዳናን አጽናናልኝ። መምጣት አልቻለችም በላት።"

"እላታለሁ። አልጋው ቆመ?"

"ቆመ። ጎኔን ነው ትንሽ... ብርዱ ነው እንጂ ሌላው ደህና ነው።"

"አብሽሪ፣ እመጣለሁ።"

"ሙባረክን ንገረው፣ በሩን እንዳይነካ። 'እሰብራለሁ' እያለ አስቸግሮኛል። ልጆች አሉት።"

ጋሽ ናታን ስልኩን ዘግተው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ልክ በዚያች ሰዓት ተነሥቼ "እሺ፣ እንሂድና እንመን" ማለት ነበረብኝ። እትዬ ኤልዳና ልጅ አላቸው። እኔስ? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለችኝ ይህቺው ክፍልና ይህቺው ሥራ ናት። "ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አይሆንም ብለዋል፣ ብቻዬን ብሄድ ምን እፈይዳለሁ" እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱን ልናገር? ፈራሁ። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆሜ መስኮት ሲዘጋብኝ ታየኝና ፈራሁ።

ሐሙስ ጠዋት ነርስ መጣች። ለጋ ልጅ ናት፣ ዓይኗ በድካም ቀልቷል። ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ "ታማሚዋ የታለች?" አለች። አልጋ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ዋይፋዩ ባዘዘው መሠረት እትዬ ኤልዳና አንሶላ አንጥፈዋል። ባዶ ነው። ጋሽ ናታን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዷት። እየሰማች ከንፈሯን መጠጠች። "አንቺ ጻፊልን፤ የለችም በይ፣ ደላንታ ናት በይ" ብለው ለመኗት።

"የለችም ብዬ ብጽፍ በእኔ እጅ እንደጠፋች ነው የሚቆጠረው፣ አባቴ። ባለፈው ወር ጓደኛዬን እንዲህ አድርገዋታል" አለች።

ባዶውን አልጋ ትንሽ አየችው። ሰሌዳዋ ላይ "ተኝታለች" ብላ ጻፈች። የሶሊያናን መድኃኒት ትራሱ ላይ አስቀምጣ፣ ሁላችንንም ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። እንዲያውም ደረጃው ላይ ስታለቅስ አየኋት።

ጋሽ ናታን በዚያው ቀን እኩለ ቀን ላይ በእግራቸው ተነሡ። በደሴ፣ በኩታበር አድርገው የበሽሎን ሸለቆ ወርደው፣ ወጥተው፤ ለወጣትም አራት ቀን ነው። ያለፈቃድ ከከተማ ስለወጡ መንገድ ላይ መስመር የላቸውም፣ ስለዚህ ስልክ የለም፣ ውሃም የለም፣ ዳቦም የለም። የሳምንት ዳቦዬንና አንድ ጀሪካን ውሃ ሰጠኋቸው። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ" አሉኝ። እንደሱ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሙባረክ እኔን ነበር የሚደውልልኝ። ዓርብ "ታወራለች፣ ግን ጣራው በረዶ መትቶት ነበር ያደረው" አለኝ። አልቻልኩም። ለብሼ ማዕከሉ ሄድኩ። ቢያንስ የእኔን ቃል ይቀበሉኝ ይሆናል አልኩ። ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ "ጉዳይዎ?" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ።

"የእንግዳ ደረሰኝ ወረቀት አልቆብኝ ነው" አልኳት።

አንድ ጥቅል ወረቀት ሰጠችኝ። ፈርሜ ወሰድኩ። ቤቴ እስክደርስ ጥቅሉን ደረቴ ላይ አቅፌ፣ እያለቀስኩ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በኩል ሄድኩ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ሙባረክ "ድምጿ ደክሟል። 'ናቲ የት ደረሰ?' ትለኛለች፣ 'ኩታበር ደርሷል' እላታለሁ፤ የት እንዳለ ግን ምኑን አውቄ!" አለኝ።

እሑድ ጠዋት ኬብሮን ወለደች። ሴት ልጅ ናት። የማዋለጃው በር ገና ጥግ ላይ ስትደርስ ተከፈተላት አሉ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ እልልታ ሆነ፤ አልቃሹም ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ እትዬ ኤልዳና ጥቁር ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ክፍሌ ገቡ። ጫማቸውን አድርገዋል።

"ነዪ ሃያቴ፣ እንሂድ። ልጄ ወልዳለች፤ ከእንግዲህ የመጣው ይምጣ።"

ነጠላዬን አነሣሁ። በዚያች ቅጽበት ስልኩ ጮኸ።

"ዛሬ ቱቦውን አልሳበችውም" አለ ሙባረክ። "እንጣራለን፣ አትመልስም።"

ሁለታችንም ተቀመጥን። ላይ ፎቅ ሰው ይስቃል።

"አሁን ብንሄድ ምን ያደርጋል?" አሉ እትዬ ኤልዳና፣ ወለሉን እያዩ።

"ምንም" አልኩ።

"ሕፃኗም ገና ክትባት አለባት።"

"አለባት።"

ጫማቸውን አወለቁና ባዶ እግራቸውን ይዘውት ወጡ። እኔም ነጠላዬን መልሼ ሰቀልኩ።

ጋሽ ናታን ደላንታ የደረሱት ሰኞ ረፋድ ላይ ነው። እግራቸው ቆስሎ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር አለኝ ሙባረክ። ማንንም ሳያናግሩ የእሱን መጥረቢያ ከደጁ አንሥተው በሩን መቱት። መንደርተኛው ሸሸ። በሩ ሲሰበር ማስጠንቀቂያው ጮኾ "አጥፊ፣ የኮምቦልቻ ነዋሪ፣ ብሎክ ዘጠኝ" አለ። የመንደሩ መስመር አልተነካም። የሰበረው የሌላ አገር ሰው ነዋ!

"ለካ ከእናንተ አንድ ሰው መጥቶ ቢሰብረው እኛን አይነካንም ነበር" አለኝ ሙባረክ። "ማን ያስበው! አንዳችንም አላሰብነው።"

"እሷስ?" አልኩት።

"አልፋለች። ግን እህቴ... ገና ትሞቅ ነበር። ስንገንዛት ብብቷ ሙቀት ነበረው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሳይሆን አይቀርም።"

እሑድ ጠዋት በሕይወት ነበረች ማለት ነው። እኔና እትዬ ኤልዳና ተቀምጠን "ምንም" ስንባባል እሷ ትሰማለች፣ ትተነፍሳለች። ለእትዬ ኤልዳና አልነገርኳቸውም። እሳቸውም አልጠየቁኝም።

የደላንታው በር በመሰበሩ ብሎክ ዘጠኝ ሦስት ሳምንት ውሃ አጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ በሬ ላይ መጥቶ ይጮህብኝ ነበር። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ከዚያ ወዲህ በእኛ ደረጃ በር መዝጋት ቀርቷል። ሰው ዘመዱን እያቀፈ ገብቶ፣ ገና ሳይጠየቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እንግዳ!" ይላል። ባለፈው አንዷ የወለደቻትን እናቷን እንዲህ አለች። እናትየዋም "አዎ፣ እንግዳ ነኝ" ብላ አረጋገጠች። ሥራዬ ቀለለ። እንዲህ ቀልሎ አያውቅም።

ጋሽ ናታን ተመለሱ። ሌላ የት ይሄዳሉ? የደላንታው ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የግቢው በር "እንኳን ወደ ቤትዎ በሰላም መጡ" ብሎ ከፈተላቸው። ሦስተኛ ፎቅ ከእትዬ ኤልዳና ጋር ይኖራሉ፤ ሕፃኗን ያዝላሉ፣ ዳቦ ያመጣሉ። ሶሊያናም አብራቸው ትኖራለች። የሞተችው ደላንታ ነው፤ ደላንታ ደግሞ የሶሊያና ስም የለም። የዳቦ ድርሻዋ ይመጣል። ነርሷ በየሐሙሱ መጥታ "ተኝታለች" ብላ ትጽፋለች። ባለፈው ወር ደግሞ "በመሻሻል ላይ ናት" ብላ ጻፈች።

አንድ ቀን ጋሽ ናታን ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስንት ወር የያዝኩትን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ማዕከሉ ሄጄ ልመን። ዘግይቷል፣ አውቃለሁ። ግን ቢያንስ እውነቱ ይጻፍ።"

"ምን ተብሎ?" አሉኝ። "ሞተች ተብሎ? ተዪው ሃያት። አንድ ቦታ እንኳ ትኑርልኝ።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ትንሽ ቆይተው "ያን ዕለት ኤልዳና 'ቤተሰብ ናቸው' ስትል፣ ከሰው ሁሉ ፊት፣ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር!" አሉ።

ተነሥቼ ልሄድ ስል ወገቤን ይዤ አቃሰትኩ። በዚያ ብርድ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር፤ ደረጃውን የምወጣው ብረቱን ተደግፌ ነበር። ጋሽ ናታን አዩኝና ከኪሳቸው የሶሊያናን መድኃኒት አወጡ። የዚያ ሳምንት ነው፣ እሽጉ አልተከፈተም።

"ለአጥንት ነው። እንኪ አልላት ነገር፣ ማንም አይወስደው። ውሰጂው።"

"ኧረ ጋሼ፣ አይሆንም!" ብዬ እጃቸውን ገፋሁ።

"ውሰጂ ስልሽ።"

"አይ፣ በሞቴ!" አልኩ።

"በእሷ ሞት" አሉኝ።

ተቀበልኳቸው። በየሐሙሱ ያመጡልኛል። ደህና መድኃኒት ነው። አሁን ደረጃውን ሳልደገፍ እወጣለሁ።